የተፈወሰች ሴት ቫይታሚን

ረቡዕ ጠዋት፣ የማለዳው ጸሎት በአሜን ከተዘጋ በኋላ፣ ዱባለ ከሶፋው ተነሳ። የሹራቡን ጫፍ ወደ ታች ሳብ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ከዚያም የመንግሥት መግለጫ በሚያነብ ሰው ድምፅ፣ ሚስቱ ምሥራቅ የቴርሞሱን ክዳን በገዛ እጇ መክፈቷን ለቤተሰቡ አስታወቀ።

«አሜን! ክብር ለስሙ!» አለች ታላቅ እህቱ አስካለማርያም፣ ሁለት እጇን ወደ ኮርኒሱ ዘርግታ።

«አሜን» አለች ልጃቸው ሄቨን፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ምሥራቅም አሜን አለች። ምን ታድርግ። ክዳኑን ሄቨን ማታውን አላልታ እንዳስቀመጠችው ታውቃለች። ሄቨን እናቷ እንደምታውቅ ታውቃለች። ዱባለም ልጁ ስታላላ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ አይቷል፤ አይቶም ውኃ ሊጠጣ የመጣ መስሎ ውኃ ጠጥቶ ተመልሷል።

ከሁለት ወር ወዲህ በዚህ ቤት የጠበቀ ነገር የለም። የጨው ዕቃው፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ የቅባቱ ጠርሙስ፣ የባኞ ቤቱ ቧንቧ ሳይቀር ላላ ብሎ ነው የሚውለው። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ የሚያጠብቀው ግን የለም፤ ያጠበቀ ሰው ለምን ላልቶ እንደነበር ማስረዳት ሊኖርበት ነው። በቀደም የበርበሬው ጣሳ ተገልብጦ ሊሾው በሙሉ ቀይ ሲሆን፣ አስካለማርያም «ሂድ አንተ ጠላት!» ብላ ገሠጸችና መጥረጊያ አነሳች። አስካለማርያም ባሏ ከሞተ ወዲህ እነሱ ጋ ነው የምትኖረው። ጌታን ከተቀበለች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ስምሽን ለምን አትቀይሪም ሲሏት «እሱ ራሱ ከነስሜ ነው የጠራኝ» ትላለች።

ምሥራቅ ፀጉር ሠሪ ናት። ወይም ነበረች፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ቤተሰቡ ገና አቋም አልያዘም። ዱባለ ኮልፌ ገበያ ዳር ምስማርና ቆርቆሮ ሲሸጥ፣ እሷ የግቢውን የፊት ክፍል ወደ መንገድ በር አስከፍታ ዕድሜዋን ሹሩባ ስትሠራ ኖረች። እሷ የጎነጎነችው ፀጉር አይሳብም፣ አይቆጠቁጥም፣ ቶሎም አይፈታም። ሙሽራ ከአየር ጤና ይመጣባት ነበር፤ ከአስኮ ይመጣባት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር አገኘች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ሆነባት፤ ተቀደደች፣ ቀይ መድኃኒት በደም ሥሯ ተንጠባጠበባት፣ ጨረር ላይ ተኛች። ፀጉሯ ረገፈ። ፀጉር የሌላት ፀጉር ሠሪ ጋ ማን ይመጣል ብላ ስትሰጋ ደንበኛው ከድሮው በዛ፤ ግማሹ ሊያዝንላት፣ ግማሹ ሊያያት። በመጨረሻ ሐኪሞቹ «አሁን የሚታይ ነገር የለም» አሏት። መጋቢ ሰይፈሥላሴ ይህን በሰሙ ጊዜ «አሁን» የምትለዋን ትተው የቀረውን ወደ መድረክ አወጡት።

ምሥራቅ ማይክ ይዛ መሰከረች። ጉባኤው ዘለለ። ቪዲዮው ቤተ ክርስቲያኗ ገጽ ላይ ተጫነ፤ ሆሳዕና ያለ ዘመድ በሙሉ አየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሯ ፊተኛው ረድፍ ላይ ሆነ፤ እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር «ያቺትና እህታችን» እየተባለች ትጠቆማለች፣ እሷም ትነሳለች፣ ትስቃለች፣ ትቀመጣለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ ቃሉ ከቤት ወጣ። የተፈወሰ ሰው በሽታውን በአፉ አይጠራም፤ ከጠራው በሩን ከፈተለት ማለት ነው። «ያ ነገር» ተባለ። ቆይቶ «ያ ነገር»ም በዛ ተባለና እጅን ወደ ኋላ ወርወር ማድረግ ብቻ ቀረ።

አስቸጋሪው ኪኒኑ ነበር። ሐኪሞቹ ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ የምትውጠው፣ አምስት ዓመት የማይቋረጥ ኪኒን አዘውላታል። የተፈወሰች ሴት ምን ብላ ትውጠው? ዱባለ ሱቁ ውስጥ ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ መጣና «ቫይታሚን ነው» አለ። ቤቱ እፎይ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ቫይታሚን ራሱ ያመጣላታል፣ እስክትውጥም ቆሞ ያያል።

ባለፈው ክረምት እጇ ጀመራት። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ የሌላ ሰው ናቸው። ያብጣሉ፣ ይግላሉ፣ ተጨበጡ ሲሏቸው እንቢ ይላሉ። ፈታ እስኪሉ ረፋድ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ የሙሽራ ፀጉር ግማሽ ላይ ደርሳ ጣቷ ተቆልፎ ቀረ። ሙሽራዋ በመስታወቱ አየቻት። ምሥራቅ «ሄቪ፣ ነይ ጨርሺላት፣ ስልክ መጥቶብኛል» አለችና ያልጠራ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ ጓዳ ገባች። ስልኩን ለመያዝ ሁለት እጅ አስፈለጋት። ፀጉሯ ተመልሶ ትከሻዋ ጋ በደረሰበት ወር እጇ ሄደ።

«ብርድ ነው» አለች አስካለማርያም። «ሊሾው ነው ብርድ የሚያስገባባት።»

ብርድ ሆነ። ሊሾው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ብርዱ ምንጣፉን አልፎ አንጓዋ ገባ፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ የእግሯ ጣቶች።

እውነት የምትነግራት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሜቲ። ሜቲ የአስኮ ልጅ ናት፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ሲገባ ጎን ለጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተዋወቁት። ፀጉሯ ሲያድግ የምሥራቅ ደንበኛ ሆነች። ካንሰር የሚለውን ቃል ሽንኩርት እንደሚል ሰው ነበር የምትጠራው።

«ምን ሆኖ ነው እጅሽ?» አለቻት አንድ ቀን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆና።

«ብርድ ነው።»

«የምን ብርድ! ያ የካንሰሩ ኪኒን ነው እንጂ። እኔንም እንደ አሮጊት ነበር ያደረገኝ። ተውኩታ! በሳምንቱ ተነሳሁ። ይኸው!» ብላ ጡጫዋን ጨብጣ አሳየቻት። እንዴት ያለ የሚያስቀና ጡጫ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምሥራቅ ቫይታሚኑን ምላሷ ሥር ደበቀችው። ዱባለ ሲሄድ ሳሎኗ ገብታ የተቆረጠ ፀጉር በሚጠረግበት ቆሻሻ ላይ ተፋችው። ሕሊናዋ አላስቸገራትም። ለማን ትናገረዋለች? ቫይታሚን ነው። ቫይታሚን ያቋረጠ ሰው ደግሞ ቤተሰብ አይሰበስብም።

እጇ ግን አልተመለሰም። ጠበቀች፣ ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ ጭራሽ ባሰባት። አንቺን ምን ያህል ቆይቶ ነው የተሻለሽ ብላ ልትጠይቅ ሜቲ ጋ ደወለች። ወንድ አነሳ።

«ሜቲ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«አርፋለች» አለ ሰውዬው። ባሏ ነው። «ጉበቷ ገብቶ ነበር። ድንገት ነው የጣላት። ማን ልበል?»

«ፀጉር ሠሪዋ ነኝ» አለችና ዘጋች። ከዚያ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ ቆሻሻ መጣያውን አየችው። ፀጉር ብቻ ነበር።

ወደ ኪኒኑ ልትመለስ አሰበች። ግን የተፋችውን ወራት ማን ይመልስላታል? ምን ያህል ጉዳት ነው? ሐኪም መጠየቅ አለባት። ሐኪም ለመጠየቅ ኪኒን እንዳለ ማመን አለባት። ኪኒን አለ ለማለት ደግሞ በዚያ ማይክ የተናገረችውን መብላት አለባት። እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ አንድ ደንበኛ ትገባና «ምሥሬ፣ እንዴት አማረብሽ!» ትላለች።

የቴርሞሱ ክዳን በታወጀበት ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ብርዱ ደረጃ መውጣት ስለከለከላት፣ ዱባለ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ አለ። ፋይሏ ያለው የታከመችበት ሆስፒታል ነው። ግን የዚያ ክፍል አግዳሚ ላይ ግማሽ ኮልፌ ይቀመጣል። «ሰው ምን ይለናል» አለ ዱባለ። ስለዚህ ከአየር ጤና ታክሲ ይዘው ቤቴል ሄዱ፤ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚልበት ትንሽ የግል ክሊኒክ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። እጆቿን ተቀበለና እያንዳንዱን አንጓ አቮካዶ እንደሚመርጥ ሰው ጫን ጫን አደረገ። የደም ምርመራውን አየ፣ እንደገና እጇን አየ።

«ጠዋት ነው የሚብስብዎት?»

«ጠዋት ነው ልጄ።»

«ብርድ ነው» አለ ዱባለ ከጎን።

«ብርድ አይደለም አባት። የሰውነታቸው መከላከያ ነው። በሽታን መውጋት ሲገባው የራሳቸውን መገጣጠሚያ እየወጋ ነው። ጠላት መስሎት።»

ዱባለ ራሱን ነቀነቀ። ጠላትን ያውቀዋል።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፣ እናቴ» አለ ዶክተሩ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ። «ካንሰር ነበረብዎት? ታክመው ያውቃሉ? የምጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ራሱ መገጣጠሚያን እንዲህ ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ ካንሰር ራሱ፣ ሌላ ቦታ ሳይታይ፣ በመገጣጠሚያ ብቅ ይላል። አንዳንዴ ሕመሙ ለብቻው የመጣ ነው። ሦስቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። እኔ የምሰጥዎት መድኃኒት ይሄን መከላከያ የሚያደክም ነው። ካንሰር የነበረበት ሰው ከሆነ መጀመሪያ ከካንሰር ሐኪሙ ጋ መነጋገር አለብኝ።»

ምሥራቅ አፏን ከፈተች።

«የለም» አለ ዱባለ።

ዶክተሩ ወደ እሷ ዞረ። «የሚወስዱት መድኃኒትስ?»

«ቫይታሚን ብቻ ነው» አለ ዱባለ።

«የምን ቫይታሚን?»

ዱባለ አሰበ። «አጠቃላይ» አለ።

ምሥራቅ አፏን ዘጋች። ዶክተሩ ከጀርባዋ በልብሷ ላይ ማዳመጫውን አስደግፎ «ትንፋሽ ይሳቡ» ሲላት ሳበች። ከፊት ቢያዳምጣት ኖሮ፣ አንድ ቁልፍ ቢያስከፍታት ኖሮ፣ ጠባሳው ራሱ ይናገርላት ነበር። ያኔ እሷ አልተናገረችም ማለት ነው። ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ ቁልፍ አላስከፈተም።

መድኃኒት ቤቱ ከክሊኒኩ ሥር ነው። ምሥራቅ በሩ ላይ ቆመች፤ የመግቢያዋን ደረጃ ለመውጣት ጉልበቷ አልተስማማም። የፋርማሲዋ ልጅ ለዱባለ ስታስረዳ እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት በትልቅ መጠን ለካንሰር ይሰጣል። በትንሽ መጠን ደግሞ ለመገጣጠሚያ ነው። የእሳቸው ለመገጣጠሚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ እንዳይወስዱ፣ አደገኛ ነው። እሺ ጋሼ?»

ዱባለ እሺ አለ። ግን ምሥራቅ ከኋላው ሆና ትከሻውን ታይ ነበር፤ ትከሻው «ለካንሰር» የምትለዋ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ያለችውን አንዱንም አልሰማም። ሲወጣ ካርቶኑን ቀድዶ ጥሎታል፣ ከነወረቀቱ። ብልቃጧን ብቻ ኪሱ ከቷታል።

«ምን አለችህ?»

«ምን ትላለች። በሳምንት አንዴ አለች።» ወደ ቀለበት መንገዱ አቅጣጫ አየ። «ይሄም ቫይታሚን ነው።»

ታክሲ ውስጥ እጇን ያዛት። እያመማት አላስለቀቀችውም። ዱባለ የሚያስበው ገብቷታል። ይህ ሰው በሽታን በስሙ ሳይጠራ ነው የሚኖረው፤ ዶክተሩም እንደሱ መሰለው። ካንሰሩ ተመልሷል፣ ልጁ ግን ፊቷ ላይ ላለመናገር «መገጣጠሚያ» ብሎ ሸፈነላቸው። አይደለም፣ ልትለው ፈለገች። የዚህ መድኃኒት ትርጉም እሱ አይደለም። ግን ወዲያው ሜቲ መጣችባት፣ ከነጡጫዋ። አይደለም ለማለት እሷስ በምን ታውቃለች?

በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሁሉም በጣም ደስተኛ ሆነ።

አስካለማርያም መጾም ጀመረች፤ ስትጠየቅ «ጨጓራዬን ላሳርፈው ብዬ ነው» ትላለች። ይባስ ብሎ ከምሥራቅ ጋር መስማማት ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር በወጥ ጨው እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ሰኞ ዕለት ምሥራቅ ሆን ብላ «እትዬ አስካለ፣ ይሄ ወጥ ጨው የለውም» አለች። ጨው ነበረው፣ እንዲያውም በዝቶበታል።

«እውነትሽን ነው እህቴ» አለች አስካለማርያም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «የለውም።»

ምሥራቅ ማንኪያውን አስቀመጠች። ሐኪም ሁሉ ቢሰበሰብ እንዲህ አድርጎ አያስደነግጣትም።

ሄቨን ደግሞ ብልቃጧ ላይ የተጻፈውን ስም ስልኳ ላይ ፈልጋዋለች። ዓይኗ ቀልቶ ሲውል «የፀጉር ቀለሙ ኬሚካል ነው» አለች። ማክሰኞ ሳሎኑ ባዶ ሲሆን መጥታ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ያን ያንቺን አጀማመር፣ ግንባር ላይ ያለውን፣ እንዴት ነው የምትይዢው? ልቅረፅሽ።»

«እጄ የታል ብለሽ ነው?»

«እጅሽ ባይሆንም… ድምፅሽን ብቻ። እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ተናገሪ።»

«ምን ያስቸኩልሻል አንቺ?»

«እ… ለቲክቶክ ነው» አለች ሄቨን፣ አንገቷንም ደፋች።

ምሥራቅ ተናገረች። ሦስት ዘለላ ያዢ፣ አትጎትቺ፣ ልጅ እንደምታስተኚ ነው፣ ጣትሽ ከፀጉሩ ቀድሞ እንዲሄድ አትፍቀጂለት። ስልኩ ቀይ መብራት እያበራ ቀረፃት። ልጇ ድምፅዋን እያስቀመጠች እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ስለ ቲክቶክ አወሩ።

ረቡዕ የሳምንቱ መድኃኒት ቀን ደረሰ። ዱባለ ጠዋት ውኃውንና ሁለት ኪኒን በሳሕን አመጣ፤ አንዱ የድሮው ቫይታሚን፣ አንዱ አዲሱ። ምሥራቅ ሁለቱንም ምላሷ ሥር አደረገችና ሁለቱንም ሳሎኑ ቆሻሻ ላይ ተፋች። አንዱን እጇን ይጎዳል ብላ ነበር የተወችው። ሌላው እጇን ያድናል፤ ግን ልጁ እንዳለው መከላከያዋን ያደክማል፣ ካንሰሩም ሜቲን እንደበላ ከጀርባ መጥቶ ቢሆንስ፣ በሩ ላይ የቀረውን አንድ ዘበኛ በገዛ እጇ ልታስተኛ ነው? ስትውጥም ልትሞት ነው፣ ስትተፋም ልትሞት ነው። የሚያውቅላት ሰው አለ፤ ቤቴል ተቀምጧል፣ ጠይቋታል እኮ። በትሕትና ጠይቋታል።

ሐሙስ ዱባለ ሱቅ ሄደች። መንገዱ ቅርብ ነው፣ ግን ሦስት ቦታ ቆማለች። ዱባለ ምስማር እየመዘነ ነበር፤ ሲያያት ሚዛኑን ትቶ ወንበር አቀረበ።

«በእግርሽ መጣሽ? ክብር ለጌታ! ይሄ ራሱ ምስክርነት ነው!»

«ዱቤ፣ ቤቴል እንመለስ።»

«ለምን?»

«ለዶክተሩ የነበረውን እንንገረው።»

ዱባለ ወደ ገበያው አየ። የሚሰማ ሰው አልነበረም። «ምን ብለን?» አለ። «ተፈውሳ ነበር፣ ግን… ብለን? ምሥሬ፣ እኔ አፌ እንዴት ይላል? ሆሳዕና ያለው ሁሉ አይቷል። መጋቢ ምን ይላሉ?»

«መጋቢ አይደሉም የሚታመሙት።»

«እሱማ» አለ። ምስማር አንስቶ በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው። «ያ ልጅ ያወቀውን አውቋል። መድኃኒቱን ሰጥቷል አይደል? የሚሰጠውን ሰጥቷል። አንቺ እሱን ዋጪ። ደግሞ…» ድምፁ ተሰበረበት፤ ሊያስተካክለው ሳል አስመሰለ። «ደግሞ የድሮውን ቫይታሚን እንዳትተዪ። እኔ የምተማመነው እሱን ነው። ጸሎቱም ጸሎት ነው። ግን ጠዋት ጠዋት ስትውጪ ሳይሽ ነው ሱቅ መክፈት የምችለው።»

ልትነግረው ነበር የመጣችው። አየችው። ምስማሩ መዳፉ ላይ ተጋድሞ ነበር።

«አልተውም» አለች።

እሁድ ጠዋት ሄቨን የቀሚሷን ቁልፎች ቆለፈችላት፤ ልጅቷ ይህን ያደረገችው ቁልፎቹ ዘመናዊ ስለሆኑ ነው ተባለ። ፊተኛው ረድፍ ላይ እንደወትሮው ተደረደሩ፤ ሄቨን ዳር ላይ፣ ከዚያ አስካለማርያም፣ ከዚያ ዱባለ፣ ከዚያ ምሥራቅ። መጋቢ ሰይፈሥላሴ ሲሰብኩ ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ጠቆሙ። ሁለቱንም ጊዜ ተነሳች፣ ሳቀች፣ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ ዱባለ ሳያስነቃ ወገቧን ደገፈ።

ስብከቱ አልቆ ኪቦርዱ ለስለስ አለ። መጋቢ ላባቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ለሕሙማን እንጸልያለን። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። ማንም ማንንም አይይ። የማየው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔና ጌታ። ስኳር ያለበት፣ ወይም በቤቱ ስኳር ያለበት ሰው ያለው፣ እጁን ያንሳ። አየሁህ፣ ተባረክ። አንቺንም አየሁሽ። ደም ግፊት… ተባረኩ፣ ተባረኩ።»

ምሥራቅ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። መጋቢ ኩላሊትን ጠሩ፣ አስምን ጠሩ። ከዚያ ኪቦርዱ አንድ ዜማ ተሻገረና ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ካንሰር» አሉ።

ይህ ቃል በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለሌላ ሰው ሲሆን ይጠራል።

ማንም አያያትም። መጋቢ ግን ያዩዋታል፤ ማይኩን የሰጧት እሳቸው፣ ቪዲዮውን ያስጫኑት እሳቸው፣ ዱባለን የሚያስፈሩት እሳቸው። እሳቸው ካዩ በኋላ አፏ መናገር የለበትም፤ እጇ ነው የተናገረው። ነገ ጠዋት ዱባለን «መጋቢ ያውቃሉ» ትለዋለች፣ ዓርብ ቤቴል ይወስዳታል፣ ያ ልጅ ቁልፏን ያስከፍታታል፤ ያኔ የተፋችውን ሁሉ ትነግረዋለች። አሁን የሚፈለገው አንድ እጅ ነው።

ግራውን አነሳች። ቀዶ ሕክምናው የተሠራበት ጎን ነው፤ ከደረቷ አላለፈም። ቀኙን አነሳች። ትከሻዋ ጮኸ። በግራዋ የቀኝ ክርኗን ከሥር ደግፋ፣ ከባድ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንደሚያወጣ ሰው፣ ጥርሷን ነክሳ ገፋችው፤ ጣቶቿ አልተዘረጉም፣ ግን እጅ ነው፣ ከጆሮዋ በላይ ነው።

መጋቢ «አየሁሽ» እስኪሉ ጠበቀች። አላሉም።

ኪቦርዱ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይዞራል። ከመድረኩ ትንፋሽ ብቻ በማይኩ ይሰማል። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምናልባት አልታየሁም ይሆናል፣ ምናልባት እጄ ዝቅ ብላ ይሆናል ብላ፣ አንድ ዓይኗን በቀጭኑ ገለጠች።

መጋቢ ሰይፈሥላሴ አፋቸውን ከፍተው ፊተኛውን ረድፍ ያያሉ። እሷን ብቻ አይደለም። ዓይኖቻቸው ከእሷ ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ።

ምሥራቅ በዚያው በአንድ ዓይኗ ወደ ጎን አየች። ዱባለ ዓይኑን ፊቱ እስኪጨማደድ ጨፍኖ ሁለት እጁን ሰቅሏል። ከእሱ ወዲያ የአስካለማርያም እጅ ከነነጠላው ተዘርግቷል። ከእሷ ወዲያ ሄቨን፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ፈስሶ፣ ስልክ የያዘውን እጇን አንስታለች። አንዳቸውም ሌላውን አላዩም። ማንም እንዳያይ ተብሏልና።

ምሥራቅ እጇን ለማውረድ አሰበች፤ ክንዷ ግን ከላይ ለመውረድም ሰው ይፈልጋል። ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ድምፅም አወጣ፣ ትንሽ።

ዱባለ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ያየው መጀመሪያ እጇን ነው፤ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ የምታይበትን አቅጣጫ ተከትሎ እህቱንና ልጁን። ተመልሶ እሷን አየ።

እጆቹን አላወረደም።